በምሥራቁ ምሰሶ ሥር

ቤሩ ደሴት፣ የካቲት 6 ቀን 1984

ለወገኔ ልጅ ለታኦሪባ፤

ጤናና ሰላም፣ ብልጽግናም ካንቺ ጋር ይሁኑ።

በልጅነቴ አባቴ ለሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠኝ። ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ቃል ያጎደልን ቀን መምህሩ መዳፋችንን በኮኮናት ዝንጣፊ ይገርፈን ነበር፤ አላለቀስሁም። ጎረምሳ ሳለሁ የማዳበሪያ ድንጋይ ወደሚቆፈርበት ደሴት ተወስጄ ነጭ አቧራ ስውጥ ኖርሁ፤ ያ አቧራ ዛሬም ሳስል ይወጣል፤ አላማረርሁም። በጦርነቱ ዘመን ወታደሮች ጎደሬያችንን ከየጉድጓዱ ነቅለው ሲበሉ ቆሜ አየሁ። ዝናብ በጠፋባቸው ዓመታት ለልጆቼ የኮኮናቱን ውኃ ሰጥቼ እኔ ጨው የገባበትን የጉድጓድ ውኃ ጠጣሁ። የበኩር ልጄ ኢዮቱአ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሲቀር፣ ታንኳው ብቻዋን በባሕሩ መግቢያ በሰርጡ ተመልሳ ስትገባ፣ እስከ ወገቤ ውኃ ውስጥ ገብቼ ገመዷን ያዝሁ እንጂ ድምፄን ለሰው አላሰማሁም።

ይህን የዘረዘርሁት እንድታዝኚልኝ አይደለም። ማጉረምረም ልማዴ እንዳልሆነ አውቀሽ፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን እንደ ሽማግሌ ብስጭት እንዳትቆጥሪብኝ ነው።

በመንግሥት ማኅተም ታሽጎ የመጣው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቅም አያትሽ የአያቴ ታናሽ ወንድም ነበሩና፣ ሩቅ ብትሆኚም ደምሽ ደሜ ነው። በታላቁ አገር ዋና ከተማ የኤምባሲያችን ሦስተኛ ጸሐፊ መሆንሽን የሰማሁ ቀን ተነሥቼ ቆሜ አምላኬን አመስግኛለሁ። እንደ ጻፍሽልኝ፣ አገራችን ከዚያ ታላቅ አገር ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርማለች፤ ውሉ የሚጸናው ግን የእነሱ አምባሳደር በመርከብ መጥቶ በእኛ ማኔአባ፣ አባቶቻችን በመከሩበት ቤት፣ ሽማግሎች ሲያጸድቁት ነው። መንግሥታችን ይህን መጠየቁ ክብር ነው። ከዚያ ቀጥለሽ ግን ለአምባሳደሩ ከፍ ያለ ወንበር በቤቱ መካከል እንዲዘጋጅ ታዣለሽ።

ልጄ፣ ማኔአባው ግድግዳ የለውም፤ የጣሪያው ክፈፍ ዝቅ ብሎ የወረደው ግን ማንም ሰው ሳያጎነብስ እንዳይገባ ነው። የውስጡ ወለል ሁሉ ባለቤት አለው። እያንዳንዱ ወገን ከአባቶቹ በወረሰው ስፍራ ሰሌን አንጥፎ ይቀመጣል፤ የእኛ ስፍራ በምሥራቁ ምሰሶ ሥር ነው፤ የስብሰባውም የመጀመሪያ ቃል የሚነገረው ከዚያ ነው። ባዕድ በሰሜን በኩል የራሱ ስፍራ አለው። ከሁሉ ቀድሞ ይበላል፣ ክፉ ቃል አይሰማም። በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ጉልበቱ ከሽማግሎች ፊት ትይዩ ይውላል። ይህ አይሆንም።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ደግሞ “ሰርጡን የማስፋት ሥራ” የሚል ቃል እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽ አልፈሻል። ምን ማለት እንደሆነ አስረጂኝ። ለታንኳዬ የሚሆን ጠንካራ ሸራና ክር ብታገኚ ላኪልኝ፤ የድሮው በፀሐይ ሳስቷል።

በጤና ያቆይሽ።

ናኪባኤ

•

ከኤምባሲው፣ መጋቢት 19 ቀን 1984

ለተከበሩ አያቴ ለናኪባኤ፤

ጤናና ሰላም፣ ብልጽግናም ከእርስዎና ከቤትዎ አይለዩ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ብርዱን ግን ገና አልለመድሁትም። እዚህ ወንዙ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ሰዎች በላዩ እየተራመዱ ሲሻገሩ ሳይ ጴጥሮስ በባሕር ላይ የሄደበትን ንባብ አሰብሁ። እነሱ ምንም አይመስላቸውም።

ስለ ፊርማው ዕለት ሳልነግርዎት ባልፍ እበድላለሁ። አዳራሹ ከእኛ ማኔአባ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ጣሪያው ላይ ደመናና ፈረሶች ተሥለዋል። የአገራችን ሰው ሁሉ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ቢሰበሰብ የዚህን ከተማ አንድ ሰፈር አይሞላም። ሆኖም ሁለቱ ባንዲራዎች የቆሙት በአንድ ቁመት ነበር። የእኛው የባሕር ወፍ ከወርቅ ከተጠለፈው የእነሱ አርማ ጎን፣ አንድ ጣት እንኳ ሳያንስ። የእነሱ ሚኒስትርና የእኛ ሚኒስትር ወንበራቸውን በአንድ ጊዜ ስበው በአንድ ጊዜ ተቀመጡ፤ ማንም ማንንም አልቀደመም። አያቴ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መጻፌን ትቼ የያዝሁትን ብዕር ወደ ኪሴ ከተትሁት።

ስለ ሰርጡ የጠየቁኝን ልመልስ። በውሉ አባሪ ላይ እንደተጻፈው፣ ትልልቅ መርከቦቻቸው ደሴቲቱን ከከበበው የኮራል ድንጋይ ግድግዳ ወደ ውስጠኛው ባሕር እንዲገቡ ሰርጡ በፈንጂ ይሰፋል፣ ወለሉም ይጠልቃል። በምትኩ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያና በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪሞች የያዘ መርከብ ይሰጡናል። ዓሦቹ በሰርጡ ወጥተው እንቁላላቸውን እንደሚጥሉ ለአለቃዬ ነግሬያቸው ነበር። “ተፈርሟል” አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አላሉም።

ስለ ወንበሩ ግን እለምንዎታለሁ። የዚህ አገር የፕሮቶኮል ሰዎች አምባሳደራቸው ከማንም ዝቅ ብሎ እንዳይቀመጥ አጥብቀው ይፈልጋሉ። የእንግዳውን ስፍራ በሥዕል አሳየኋቸው፤ “ጥግ ነው” ብለው መለሱልኝ። ይህን ካላስተካከልሁ በዚህ ሥራ ላይ እንደማልቆይ አለቃዬ በጨዋ ቋንቋ ነግረውኛል። ሸራውን እየፈለግሁ ነው።

አክባሪዎ ታኦሪባ

•

ቤሩ፣ ሰኔ 2 ቀን 1984

ለልጄ ለታኦሪባ፤

ጤናና ሰላም፣ ብልጽግናም ይብዛልሽ። መልሴ የዘገየው መርከቧ ሞተሯ ተሰብሮ በዋና ከተማችን በታራዋ ስለቆመች ነው፤ የዘገየሁበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እያሰብሁ ነበር።

ስፍራ አግኝቼለታለሁ። አምባሳደሩ የሚቀመጠው በምሥራቁ ምሰሶ ሥር፣ በእኛ በራሳችን ስፍራ፣ ከእኔ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ነው። ወንበር አይኖርም። በአንድ ሰሌን ላይ ግን እኩል እንሆናለን፤ እንደ ባንዲራዎችሽ። በቤታችን ከዚያ የሚከበር ስፍራ እንደሌለ ለፕሮቶኮል ሰዎችሽ ንገሪያቸው፤ እውነት ነው።

ነገሩ በመንደሩ ሲሰማ ብዙ ተወራ። ፊት ለፊታችን የሚቀመጠው ካሮቱ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያሾፍብኝ የኖረው ሰው፣ የጎደሬ ጉድጓዴ ድረስ መጥቶ አፋፉ ላይ ተቀመጠና፣ “ናኪባኤ፣ ስፍራህን ለባዕድ ከሰጠህ አንተ የት ልትውል ነው? እኔ ጋ ና እንጂ፤ ሚስቴ ጠበብን ካላለች” አለኝ። እኔም ጎደሬውን እየኮተኮትሁ ጠብቦህ ከሆነ የራስህን ምላስ ወደ ውጭ አውጣት አልሁት። እየሳቀ ሄደ፤ ሲሄድ ግን ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። ካሮቱ ሞኝ አይደለም።

ሸራውን ተይው፤ አያስፈልገኝም። በምትኩ ስለዚያ ሰው ወሬ ላኪልኝ። እናቱ በሕይወት አለች? ሲበላ ለብቻው ነው ወይስ ከሰው ጋር? ቃል ሰጥቶ ሲያጥፍ የተሰማበት ጊዜ አለ? የማዕረጉን ነገር ተይው፤ ይህን ብቻ ንገሪኝ።

ናኪባኤ

•

ከኤምባሲው፣ ሐምሌ 28 ቀን 1984

ለተከበሩ አያቴ፤

ጤናና ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ስለ ስፍራው የጻፉትን ለአለቃዬ ባነበብሁላቸው ጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። የፕሮቶኮል ሰዎቹም ተደስተዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ ሰውዬው የጠየቁኝን አጣርቻለሁ። እናታቸው በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ፈዟል። አንድ እሑድ ለሥራ ቤታቸው ተልኬ ስገባ፣ ሰውዬው ከእናታቸው አጠገብ ተቀምጠው ፖም በቢላዋ እየላጡ ሲያጎርሷቸው አገኘኋቸው። እኔን አይተው አላቋረጡም። ቃላቸውን ስላጠፉበት ጊዜ ማንም የነገረኝ የለም፤ እንዲያውም ከባልደረቦቻቸው አንዱ “ቃል ለመስጠት ዘገምተኛ ነው” ብሎ ሲያማቸው ሰምቻለሁ።

አያቴ፣ አንድ ነገር ልጻፍና ልዝጋ። ታራዋ ያደግሁ ብሆንም አባቴ በእኛ ስፍራ መቀመጥ፣ ከእኛ ሳህን መብላት ምን ማለት እንደሆነ ነግሮኛል። ለአለቃዬ አልነገርኋቸውም፤ አልጠየቁኝም። እርስዎ ረስተውት እንደሆነ አላውቅም። እንዳይረሱት እጸልያለሁ፤ ደግሞ ቢረሱት ይሻለኛል የምልበትም ጊዜ አለ።

መነጽር ልኬልዎታለሁ።

ታኦሪባ

•

ቤሩ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1984

ለልጄ ለታኦሪባ፤

ጤናና ሰላም፣ ብልጽግናም ካንቺ ጋር ይሁኑ። መነጽሩ ደርሶኛል፤ ይህን የምጽፈው በእሱ ነው። የሆነውን ሁሉ እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ ለአለቃሽ ሌላ ሰው ሌላ ዓይነት ሊነግራቸው ይችላልና።

መርከቡ ጎሕ ሲቀድ ታየ። ልጄ፣ ብዙ መርከብ አይቻለሁ፤ በጦርነቱ ጊዜ ሰማይና ባሕር የሚገጥሙበትን መስመር የሸፈኑ መርከቦች አይቻለሁ። ይህ ግን አንድ ሆኖ ሳለ ደሴታችን ከጎኑ ታንኳ መሰለች። ከኮኮናቶቻችን ሁሉ ይረዝማል። ነጭ ነው። ልጆቹ ሮጠው ዳርቻው ላይ ቆሙ። እኔም ጌታ ለኢዮብ ስለ ባሕሩ አውሬ የተናገረው ቃል ከሚስዮን ዘመኔ ተነሥቶ በአፌ መጣ፤ አንድ ቃል ሳላጎድል አልሁት።

መርከቡ ከኮራሉ ውጭ ቆሞ በሞተር የምትሄድ ጀልባ አወረደ። ውኃው እየሸሸ ስለነበር ጀልባይቱ ሰርጡ አፍ ላይ ስትደርስ ሆዷ ተፈጨና ቆመች። እኔ ኢዮቱአ የተወውን ታንኳ አውጥቼ ሄድሁ። አምባሳደሩን፣ ሚኒስትራችንንና አስተርጓሚውን አሳፈርሁ። ሰውዬው ረጅም ነው፤ ጆሮው ገና ከአሁኑ በፀሐይ ቀልቷል። እንዴት እንደሚቀመጥ አልጠየቀም፤ እኔን አይቶ እንደ እኔ ተቀመጠ።

በሰርጡ መካከል ስንደርስ ዓሦቹ ይወጡ ነበር። ጨረቃዋን ጠብቀው ወደ ውጭ የሚጎርፉበት ሰዓት ነበርና ከታንኳው በታች ውኃው ራሱ ብር ሆኖ ይፈስ ነበር። ሽማግሌ ሆኜ፣ ስንት ጊዜ አይቼው፣ አሁንም ባየሁት ቁጥር ቆቤን አወልቃለሁ። ሰውዬው እጁን ውኃ ውስጥ ከተተ፤ ዓሦቹ ጣቶቹን እየነኩ አለፉ። እስክናልፍ ድረስ እጁን አላወጣም። ከዚያ ሸራውን ለማዞር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስሻገር አይቶ አስተርጓሚውን አናገረው፤ የትኛው ነው የታንኳዋ ፊት ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሁለቱም ጫፏ ፊት ነው፤ እንደ ነፋሱ ነው በለው አልሁት። ይህን ሰምቶ የታንኳዋን እንጨት ቀስ ብሎ በመዳፉ ዳበሳት።

ወደ ማኔአባው ሲገባ እንደ ነገሩት አጎነበሰ፤ አልበቃውም፤ ግንባሩ ከክፈፉ ጋር ተጋጨ። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ጫማውን አወለቀ። በምሥራቁ ምሰሶ ሥር ከእኔ ጋር ተቀመጠ። ልጄ ቴባ በኮኮናት ወተት የበሰለውን ጎደሬ በአንድ ሳህን አቀረበችልን፤ ከአንድ ሳህን በላን። ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ያሉ ሽማግሎች ሁሉ የሆነውን አወቁ። ሚኒስትራችን ታራዋ ያደገ ነው፤ እሱ አላወቀም፤ በልቶ ሲጨርስ ውሉን አውጥቶ አነበበ፤ አባሪውንም አነበበ። ከዚያ እንድናጸድቅ ጠየቀን። የመጀመሪያው ቃል የእኔ ነው። እንዲህ አልሁ፤

“ወንድሜ፣ በእኔ ሰሌን ተቀምጠሃል፣ ከእኔ ሳህን በልተሃል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም እንግዳ ሊልህ አይችልም። ስለዚህ እንደ ዘመድ እለምንሃለሁ። ሰርጡን ስጠኝ።”

ሚኒስትሩ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። አስተርጓሚው መሬት መሬት ያያል። በእኛ ዘንድ ቡቡቲ፣ የዘመድ ልመና፣ እምቢ የማይባል መሆኑን እሱ ያውቃል፤ የደሴቱ ልጅ ነው። ካሮቱም ከማዶ፣ “ተርጉምለት እንጂ ልጄ! የዓሣ አጥንት አነቀህ እንዴ?” አለው።

ተረጎመለት።  ክፈፉ ሥር የቆሙት ሴቶች ልጆቻቸውን ማባበል ትተው ነበር። ከዚያ ሰውዬው ዞሮ ወደ እኔ ብቻ እያየ ጠየቀ፤ እምቢ ብልስ?

“ምንም አይደርስብህም። ስፍራህ ባዶ ይሆናል፤ ያ ብቻ ነው። የልጅ ልጆቻችን ባዶውን እያዩ ያድጋሉ።”

ይህንንም ሰማ። ቀይ ጆሮው ይበልጥ ቀላ። በመጨረሻ የሰጠኝ መልስ ይህ ነው፤ “ሰርጡን የመስጠት ሥልጣን በእጄ የለም። የሌለኝን ሰጠሁህ ብልህ እዋሽሃለሁ። ልመናህን ግን ሥልጣኑ ላላቸው ራሴ ተሸክሜ እወስዳለሁ፤ የለመነኝ ወንድሜ ነው ብዬም እነግራቸዋለሁ።”

ስለዚህ ወዳጅነቱን አጸደቅን፤ አባሪውን መልሱ እስኪመጣ አቆየነው። ሚኒስትሩ እስከ መርከቡ ድረስ አላናገረኝም። ቁጣው ወዳንቺ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ልጄ፣ ይህን ሳደርግ አንቺን አስቤ ነበር፤ አስቤም አደረግሁት። ብትቆጪ ፍርድሽን እቀበላለሁ።

ናኪባኤ

•

ከኤምባሲው፣ መጋቢት 3 ቀን 1985

ለተከበሩ አያቴ ለናኪባኤ፤

ጤናና ሰላም፣ ብልጽግናም ከእርስዎ አይለዩ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። የምጽፈው እስኪኖረኝ ድረስ መጻፍ አልቻልሁም፤ የምጽፈው ሲኖረኝ ደግሞ ለመላክ ፈራሁ።

ከገና በዓል በፊት የታላቁ አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አለቃዬንና እኔን ጠራን። አምባሳደሩ የእርስዎን ልመና ቃል በቃል ጽፈው አቅርበውት ነበርና ጽሑፉ ብዙ ሰው አስቸግሯል። በመኪና ስንሄድ አለቃዬ፣ “ባህላዊ ትሕትና ነው፤ የእንግዳ ማክበሪያ ንግግር ነው በያቸው፤ ሌላ አትጨምሪ” አሉኝ። እሺ አልኋቸው። በዚያ ሰዓት እሺ ያልሁት ከልቤ ነበር።

የገባንበት ክፍል ወንበሮች ከፍ ያሉ ናቸው፤ እግሬ መሬት አልነካም። ፀጉራቸው የነጣ አንድ ሹም የእርስዎን ቃል የያዘውን ወረቀት ፊታቸው አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አለቃዬን ትተው እኔን፣ “እርስዎ ከዚያ ቤተሰብ ነዎት ይላሉ። ይህ ልመና ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም?” ብለው ጠየቁኝ።

አያቴ፣ ያን ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበርሁም። በምሥራቁ ምሰሶ ሥር ነበርሁ፤ የሰሌኑ ሽታ ሳይቀር መጣብኝ። በልጅነቴ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀመጥሁበት ስፍራ ነው። እንዲህ አልኋቸው፤ “አምባሳደራችሁ ዘመዳችን ሆነዋል። አዎን፣ ያስገድዳል። እኛንም ያስገድደናል፤ ነገ እሳቸው ቢለምኑን እምቢ ማለት አንችልም።”

 ሹሙ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ መሥሪያ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ የመንግሥት ጉዳይ በጄ ገብቶ አያውቅም፤ በየትኛው መዝገብ እንደምከተው አላውቅም አሉና ፈገግ አሉ። የሚያሾፉ መስሎኝ ነበር። ሲያሰናብቱን ግን እኔን ከአለቃዬ እኩል በር ድረስ ሸኙኝ።

መልሱ ባለፈው ወር መጣ። ሰርጡ አይነካም። መርከቦቻቸው ከኮራሉ ውጭ ይቆማሉ፤ ዕቃውም ሐኪሞቹም በትንንሽ ጀልባ ይገባሉ። የውኃ ማጠራቀሚያው እንደተባለው ይሠራል። የፈንጂው ወጪ በዝቶባቸው ነው የሚሉ አሉ፤ መሐንዲሶቹ ቀድሞም አልወደዱትም የሚሉም አሉ። የሆነውን በሙሉ አላውቅም። በታላቁ አገር ማኅተም በታተመው ወረቀት ላይ የተጻፈው ምክንያት ግን “በማኔአባው በቀረበው የዘመድ ልመና መሠረት” ይላል። አንብቤ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ወጥቼ በዚያ በድንጋዩ ወንዝ ዳር ቆምሁ። ውቅያኖስ ላይ በጣት የሚሸፈን አሸዋ፣ በአንዲት ሰሌን ላይ የተነገረ ቃል፣ እዚህ ድረስ መጥቶ ሕግ ሆነ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልመጣ። አምባሳደሩ ለእርስዎ ደብዳቤ ሰጥተውኛል፤ ተርጉሜ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሦስት ሳምንት በመሳቢያዬ አስቀምጬው ነበር። እንደ ዘመድ ይለምኑዎታል። የሚለምኑት በሰርጡ ያሻገረቻቸውን ታንኳ ነው። ሰዎች ሁሉ እንዲያዩዋት፣ ያ ነጭ ፀጉር ሹም በሚሠሩበት ቤት በትልቁ አዳራሽ ሊያንጠለጥሏት ይፈልጋሉ። የማን ታንኳ እንደነበረች አያውቁም። ልነግራቸው ብዬ ተውሁት፤ መንገርም አለመንገርም የእርስዎ ነው ብዬ። “እኛንም ያስገድደናል” ያልሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ ቃል አጥቻለሁ።

እኔ ወደ አገሬ ተጠርቻለሁ። አለቃዬ “ለሌላ ሥራ” ብለዋል፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።

ታኦሪባ

•

ቤሩ፣ ሰኔ 21 ቀን 1985

ለወገኔ ልጅ ለታኦሪባ፣ ታራዋ፤

ጤናና ሰላም፣ ብልጽግናም ካንቺ ጋር ይሁኑ። ወደ አገርሽ በደኅና መግባትሽን ሰምቻለሁ።

ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር አላደረግሽም። እኔ በማኔአባው የዝምድናን ግማሽ ተናገርሁ፤ አንቺ በእነሱ ቤት ሙሉውን ተናገርሽ። ሰርጡ የተረፈው በሙሉው ቃል ይመስለኛል፤ ታላቅ ሰው የሚሰጣቸው ብዙ አሉት፤ እሱ ራሱ የሚለምነው ዘመድ ግን የለውምና። ዝምድና እንደ ታንኳችን ነው፤ ሁለቱም ጫፉ ፊት ነው። ለሰውዬው ይህን በአፌ ነግሬው ሳለ በእኔ ላይ ይዞራል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

የሐኪሞቹ መርከብ በዚህ ወር መጥቶ ሲመለስ ታንኳዋን ይወስዳል ተባለ። ካሮቱ መጥቶ በታንኳው ቤት ከጎኔ ተቀመጠ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲናገር አልሰማሁትም። “የእኔን ስጠው። እሷም አሮጌ ናት፤ ሸራዋም ያንተውን ይመስላል። በምን ያውቃል?” አለኝ።

“እኔ አውቃለሁ” አልሁት።

“እሱስ የልጅህ መሆኗን ይወቅ።”

“ቢያውቅ ይመልሳታል። ከመለሳት ልመናው ልመና አይሆንም፤ የእኔም ልመና እንዲሁ።”

 ካሮቱ ተነሥቶ፣ ሳልጠይቀው፣ የላላውን የኮኮናት ገመድ እንደ አዲስ ያጠብቅ ጀመር። ሁለታችን ቀኑን ሙሉ ሠራን። የሳሳውን ሸራ አልቀየርሁም፤ ኢዮቱአ የሰፋው ነው።

በሰርጡ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ዓሦቹ የሚወጡበት ሰዓት አልነበረም፤ ውኃው ጥርት ብሎ ኮራሉ እስከ ታች ይታይ ነበር፤ የተሰበረ የለውም። ከመርከቡ ጎን ስደርስ ገመድ አወረዱ። መርከበኞቹ ሲያነሷት ጮኸው እንደሚሠሩት አልጮኹም፤ አምባሳደሩ አዝዟቸው ይሁን ወይ እንዲያው አላውቅም። ቀስ እያለች ከውኃው ተለየች። በዕድሜዬ ሁሉ ከሥሯ ሆኜ አይቻት አላውቅም ነበር፤ የጎን ተንሳፋፊ እንጨቷን ዘርግታ በዚያ ትልቅ ነጭ ግድግዳ ላይ ስትወጣ የባንዲራችንን ወፍ መሰለች። ውኃዋ ፊቴ ላይ ተንጠባጠበ። ካሮቱ በታንኳው ይዞኝ ተመለሰ።

ልጄን ባሕር ወሰደው፤ ታንኳውን መለሰልኝ። ታንኳውን ደግሞ ዘመድ ለመነኝ፤ ሰጠሁ። በዚያ አዳራሽ ሚኒስትሮችና ነገሥታት ሲያልፉ ቀና ብለው ያዩአታል፤ ፊቷ የትኛው ነው ብለውም ይጠይቃሉ። ይህ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ትንሽ ክብር አይደለም።

እኔ አርጅቻለሁ። ባለፈው ሰንበት ሽማግሎችን ሰብስቤ ስለ ወራሼ የምለውን አልሁ። ካሮቱ፣ “ሴት ልጅ ናት፤ ደግሞ የታራዋ ሰው ናት፤ የመጀመሪያውን ቃል ከዚያ ምሰሶ ሥር ሴት ተናግራ ታውቃለች?” ብሎ ጠየቀ፤ መጠየቁ ልክ ነበር። ከማንም ቀድማ ተናግራለች፤ ያውም ስፍራው ላይ ሳትቀመጥ አልሁት። ካሮቱ ሰሌኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ በእኛ ዘንድ ይህ እሺ ማለት ነው። ሌሎቹም ተከተሉት።

ስለዚህ የማወርሰው ይህ ነው። ታንኳ የለኝም። የጎደሬ ጉድጓዶቹና ቤቱ የልጄ የቴባ ናቸው። በምሥራቁ ምሰሶ ሥር ያለው የአባቶቼ ስፍራ፣ ሰሌኑና የመጀመሪያው ቃል የታኦሪባ ናቸው። ከስፍራው ጋር አንድ ዘመድም ትወርሳለች፤ ታላቁን አገር። እሱን ስትለምኚ በልክ ለምኚ፤ ሲለምንሽ እምቢ አትበዪ።

ናኪባኤ